አንድ ደም፣ ሁለት ውጤት

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት... ጅማ፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ መስኮት ላይ ሦስት ሰዎች መጥተው ቆሙ። ከአሰንዳቦ የመጡ ባልና ሚስት፣ ከነሱ ጋር የባልየው እናት።

ልጅ ፈልገው ነው የሚመላለሱት። አምና ለሚስትየው የእንቁላል ክምችት የሚያሳየውን የሆርሞን ምርመራ በእጅ ነበር የሠራንላት፤ ያኔ ማሽኑ ገና አልገባልንም። ዘንድሮ በማሽን ሲሠራ ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ ቁጭ አለ። አማትየው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ኤጋ እንግዲህ ልጄ፣ እያለቀባት ነው አይደል? እውነቱን ንገሪን።»

ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች። ባልየው ስልኩን ይነካካል። አንጀቴን በላችው።

«እማማ፣ የእጁና የማሽኑ ቁጥር እኮ አይወዳደርም። እያንዳንዱ የራሱ መለኪያ አለው» አልኳቸው።

«ደም ደም ነው» አሉኝ።

በቃ... አዲስ ደም ወሰድኩላት። ከዚያው ደም ከፊሉን ለማሽኑ ሰጠሁ፣ የቀረውን እንደ ድሮው ጠብታ በጠብታ በእጄ ሠራሁ። የእጁ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፤ ምሳ በልተው፣ ሰግደው ተመለሱ።

የማሽኑ ውጤት ከዘንድሮው ወረቀት ጋር ተቀራራቢ ሆነ። የእጁ ደግሞ ከአምናው ጋር።

«አዩ እማማ? ያው የዛሬ ደሟ ነው። አሠራሩ ነው እንጂ የተቀየረው እሷ አልተቀየረችም። በሁለቱም መለኪያ ደህና ናት።»

ፊታቸው በራ። «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ልጅቱን እቅፍ አድርገው ሳሟት። ደስታቸው የምር ነበር፤ እኔም ዕንባዬ መጣ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና...

«በል ቶሎ ደውል! ለሐሙስ ወደዚያች ልጅ ቤት የሚሄዱትን ሽማግሌዎች አስቀራቸው!»

ልጅቱ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«የየትኛዋ ልጅ ቤት?» አለችው ባሏን።

«እማዬ ናት እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሌላ አልጠየቀችውም። ነጠላዋን ሰብስባ ብቻዋን ወጣች። አማትየው «ልጄ! ማሎ ልጄ!» እያሉ እየተማጸኑ ተከተሏት፤ እሱ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ።

ያን ቀን ሥራ አልያዝ አለኝ። ልጅቷን ከጭንቀት አወጣኋት ብዬ ነበር እኮ...

ለካ ትክክለኛ ውጤትም ሰው ያስለቅሳል።