የወርቄ እንቅልፍ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ ቀጨኔ ስንኖር ነው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሰው በዚህ ነገር ስለሚያመሰግነኝ ነው። ምስጋናው አይገባኝም።

ያኔ በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ወርቄ ተማሪዬም የአጥር ጎረቤቴም ናት። ባሏ ሸማኔ ነው፤ ጥጡን የምትፈትልለት እሷ ነበረች። እንደሷ ቀጭን ክር የሚያወጣ እጅ በሰፈሩ አልነበረም።

የመጨረሻ ልጇን ቤቷ ስትወልድ አጠገቧ ነበርኩ። ደሟ ፈሶ ፈሶ ሰውነቷ ቀዘቀዘ፤ አበቃላት ብለን ነበር። እንደምንም ተረፈች። ከጡቷ ግን አንዲት ጠብታ ወተት አልወጣም። እኔም አራስ ነበርኩና ልጇን ከልጄ ጋር አጠባሁት፤ እያጉረመረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ወርቄ ሌላ ሰው ሆነች። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። እንዝርቷን ገና ከማንሳቷ ይደክማታል። ቅንድቧ ሳሳ፣ ፊቷ ገረጣ። አንድ ቀን "ከወለድኩ ወዲህ የወር አበባዬም ቀረ" ስትለኝ "ታድለሽ" ብዬ ሳቅሁባት። ክፍል ውስጥ ደግሞ ፊደል እያስቆጠርን ትተኛለች። እኔ ሥራ ውዬ፣ ልጅ አዝዬ እያስተማርኩ እሷ ስታንቀላፋ ደሜ ይፈላ ነበር።

እንዲህ አራት ዓመት ከቆየን በኋላ ብሽቅ ብዬ ለቀበሌው ሊቀመንበር "ሆን ብላ ነው የምትተኛው፤ ሌላውንም ታሰንፋለች" አልኩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰውን የት እንደሚያደርስ ጠፍቶኝ አይደለም።

በእሁዱ ስብሰባ አስነስቶ ግለሂስ አስደረጋት። ጋቢዋን እንደተከናነበች "ሰነፍ ሆኛለሁ፤ ጥፋቴ ነው" አለች። በየቅዳሜው ወጥታ ቦይ እንድትቆፍር ተወሰነባት። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን ይዤ "ማን ይሆን የተናገረብሽ?" አልኳት። አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም።

"ማንም ይሁን፣ እውነቱን ነው" አለችኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በክረምት ዝናብ ስትቆፍር ወደቀች። ባሏ ሸማ ሊሸጥ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ነበር። ታክሲ ለምኜ ሆስፒታል አደረስኳት። ራሷን ስለማታውቅ ሐኪሙ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር።

"ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር?"

"አዎ።"

"ወተትስ ነበራት?"

"አልነበራትም። ልጁን እኔ ነኝ ያጠባሁት።"

"የወር አበባዋስ?"

"ቀርቷል።"

"ብርድ ብርድ ይላታል? እንቅልፍ ታበዛለች?"

"ሁልጊዜ።"

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። አንጎል ሥር አንዲት ትንሽ እጢ አለች፣ ሌሎቹን እጢዎች የምታዝዘው እሷ ናት አለኝ። ያን ቀን ያ ሁሉ ደም ሲፈስ ተጎድታለች። ወተቱም፣ የወር አበባውም፣ ሙቀቱም፣ አቅሙም የጠፋው በዚህ ነው። "ጥሩ ጎረቤት አላት፤ ይህን ሁሉ ባትነግሪኝ አንደርስላትም ነበር" ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉንም እያየሁ ሰነፍ ነው ያልኳት።

በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት ታዘዘላት። ሌላ ልጅ አልወለደችም፤ ሌላው ግን ቀስ በቀስ ተመለሰላት። ጋቢዋን ጣለች። ክፍል ውስጥ ነቅታ ፊደል ቆጠረች፣ ማንበብም ለመደች። ራሷ ፈትላ፣ ባሏ ሠርቶ ነጠላ አመጡልኝ። ለሰው ሁሉ "ያዳነችኝ እሷ ናት" ትላለች። ነጠላውን አንድም ቀን አልለበስኩትም፤ ስትጠይቀኝ "ለክብር ቀን አስቀምጬው ነው" እላታለሁ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ፊት ለፊት ልነግራት ስንት ጊዜ ወጥቼ ከደጃፏ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ወርቄ ይህን የጋዜጣ አምድ ሳታነብ አታልፍም፤ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።