ከማሳችን የወጣው ልጅ

ልጅ እያለሁ፣ የፊት ጥርሶቼ ረግፈው «ወላቃ» በምባልበት ዓመት፣ አባቴ መርሳ አቅራቢያ ግራና በምትባለው መንደራችን ባለው ማሳ የመስኖ ቦይ ሲቆፍር የሰው አጥንት አገኘ። ዶማውን ጥሎ ሲመጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አጥኚዎች መጥተው ድንኳን ተከሉ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን እንኳን ሳላስቀምጥ እዚያው ነበርኩ። እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ዛሬም ያ ጉድጓድ ይመጣብኛል።

አጥንቱን በብሩሽ የምትጠርገው ሴት ትዕግሥቷ የጉድ ነበር። አንድ ቀን አፌን አስከፍታ ድዴን አየችና ጉድጓዱ ውስጥ የተቀበረውን ልጅ መንጋጋ አሳየችኝ። እሱም የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ሊሉ ነበር። እንዳንቺው ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው አለችኝ። ሰው ጽሕፈት ሳያውቅ በፊት የኖረ ነው ብትለኝም፣ እኔ እኩያዬን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ወላቃ እኔ ብቻ አይደለሁም እያልኩ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ሰፈሩን ግን ጭንቅ ያዘው። ሙስሊሞቻችን ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ክርስቲያኖቻችን ወደ ምሥራቅ መሆኑን ለማየት ጉድጓዱን ዞሩት። ልጁ ለሁለቱም አልሆነም፤ ጉልበቱን እስከ አገጩ ሰብስቦ በጎኑ ተኝቷል። በሐዘን ጊዜ የምንረዳዳበት የቅሬው ዳኛ ሼህ ይመር፣ ከሁላችንም በፊት የነበረ ነውና የሁላችንም ነው ብለው ፈረዱ። ቅሬው ሥራውን ትቶ ወጥቶ ለሐዘን ተቀመጠለት። ዱአም ተደረገ፣ ነፍስ ይማርም ተባለ።

የእናቴ ዓይን ግን ከተኮራመተው ልጅ አልነቀል አለ። ያኔ እንዲህ ነበር የሚቀበሩት ቢሏት አልሰማችም። «በርዶት ነው እኮ» ብላ ነጠላዋን ልታለብሰው ስትል አጥኚዋ በመከራ መለሰቻት። አጥንቱ በሣጥን ሆኖ መኪና ላይ ሲጫን የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«እህቴ፣ ልጅ ካገሩ ርቆ አይቀርም። ጥናቱ ሲያልቅ መልሽልኝ።»

ሴትዮዋም እንመልሰዋለን አለች።

እናቴ ጠበቀች። መኪና በመጣ ቁጥር ከማጀት ብቅ ትላለች። ቦዩ በሌላ በኩል ዞረ፤ ያቺን ቦታ ማንም እንዲያርሳት አልፈቀደችም። መርሳ ተምሬ፣ ወልድያ ሥራ ይዤ ለበዓል ስመለስ፣ ስለ ልጁ የሰማሽው አለ ወይ ትለኛለች። በሞተችበት ሕመም ላይ ሆና እንኳን ጠይቃኛለች።

ዛሬ የጎረቤቴን ሐዘን ከቀብር በኋላ በስልክ የምሰማ ሰው ሆኛለሁ። ስሙን ለማያውቀው ልጅ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ሰፈሬ ይናፍቀኛል። እናቴማ አትነሳ።

ባለፈው ዓመት ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ሣጥኑ የተቀመጠበትን ቤት ጠይቄ ገባሁ። ጥናቱ ገና ነው አሉኝ። አልተቆጣሁም፤ በጥጥ ተጠቅልሎ በደንብ ተይዟል። ትንሽ ብቻዬን ቆምኩ። ሩቅ አገር ላለ ዘመድ መርዶ ይዤ የሄድኩ መሰለኝ። የምትጠብቅህ ሴት ሞታለች ማለት ግን አቃተኝ፤ ሳልነግረው ተመለስኩ።