ቀጥ ያላልንበት ቆጠራ

ከሞጣ የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ይዘው ቢቸና የሴቶች እስር ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳ ይዘው ያጎነበሱ አሮጊት ነው። ልጅዎ ሸፍቷል ተብለው ነበር የታሰሩት። ጎንበስ ሲሉ ይራመዳሉ፤ ቀና ብለው ሲቆሙ እግራቸው ይደነዝዝና ይወድቃሉ።

የዘበኞቹ አለቃ አላመነም።

"ጎንበስ ስትል ደኅና፣ ቀና ስትል ሽባ! የት አገር በሽታ ነው? ነገ ቆጠራ ላይ ቀጥ ካላልሽ እግር ብረት ትገቢያለሽ!"

"እዚሁ አገር ያለ በሽታ ነው" አለች አብራን የታሰረች ነርስ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራች፣ የቆሰለ ገበሬ አክመሻል ተብላ የተያዘች ናት።

አለቃው ሲወጣ ከበብናት። ከጣሪያው ሥር ጠባብ ሸምበቆ ሰበረችና ከአሮጊቷ ጋቢ የመዘዘችውን ፈትል ጠቅጥቃ አስገባችበት።

"እማማ፣ ሸምበቆው ሰረሰርዎ፣ ፈትሉ ነርብዎ ነው እንበል። ሰረሰርዎ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ጠቧል። ጎንበስ ሲሉ ሰፋ ይላል፤ ቀና ሲሉ ነርቡን ያንቀዋል። ሐኪም ጀርባ ከፍቶ አጥንቱን ይፍቃል።"

ሸምበቆውን ከውስጥ በሚስማር ፋቀችው። በፈትሉ ጎን ሰንበሌጥ ሰደደች፤ እምቢ አለ። እንደገና ፋቀች። አለፈ!

"በቃ!" ብለን ጮኽን።

"ቆዩ እንጂ! ሐኪሙም ቀጭን ዘንግ ስላለፈለት ብቻ ቁስሉን አይዘጋም። ነርቡን በቀስታ ገፋ ያደርገዋል። ላላ ብሎ ወዲያ ወዲህ ካለ፣ የነርቡ ሽፋንም ከልብ ምት ጋር መምታት ከጀመረ፣ ያኔ ነው በቃ የሚለው።"

እማማ ሳቁ። "ሐኪምሽ ከዳኛ ይሻላል፣ ልጄ። የኛ ዳኛ መች በቃ ማለት ያውቃል!"

ጠዋት አለቃው እግር ብረቱን አንጠልጥሎ መጣ። "ቀጥ!"

እማማ ጎንበስ አሉ። ነርሷ አጠገባቸው ጎንበስ አለች። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ።

"ቀና በሉ!"

በዚያ ዘመን ለሹም የማያጎነብስ አልነበረም። ሰው ስላጎነበሰ የተቆጣ ሹም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀርባችንን ቆጥሮ፣ እግር ብረቱን ይዞ ተመለሰ።

ዛሬ እኔም አሮጊት ነኝ፤ ባለፈው ክረምት ያው በሽታ ይዞኝ ጀርባዬን ተቀደድኩ። "የሚበቃውን በምን ታውቃለህ?" አልኩት ወጣቱን ሐኪም፣ ከመቀደዴ በፊት።

"ነርቡ ላላ ሲል፣ ሽፋኑም ሲመታ፣ እማማ።"

"እንግዲያው አትቸኩል" አልኩት።

አሁን ቀና ብዬ እሄዳለሁ። አንዳንድ ጠዋት ግን፣ ሳያመኝ፣ ጎንበስ እላለሁ።