የቀለም ጠብታዋ ደሴት

አጎቴ ካርታ ሠሪ ናቸው። በባሕር ካርታ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ዘመም ያለች ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎብጠዋል። ቅጽል ስማቸው «ደሴት አጥፊው» ነው። የጥንት መርከበኞች ደመናውን መሬት፣ ዓሣ ነባሪውን ኮረብታ እያሉ ካርታ ላይ ያስቀመጧቸውን የሌሉ ደሴቶች አንድ በአንድ አሳደው በምላጭ የፋቁ እሳቸው ናቸው። እኔም እዚያው ክፍል ስለምሠራ ይህን ዝና በየቀኑ እሰማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሰልችቶኝም ነበር።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ግን ምግብ አልበላ አላቸው። ሚስታቸው ወጥረው ቢይዟቸው ጉዱ ወጣ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ካርታ አራት ወር ሙሉ ሲሥሉ ከርመው፣ ሊያስረክቡ ሲሉ ከብዕራቸው ቀለም ጠብ አለ። ቢፍቁት ወረቀቱ ስስ ስለነበር ሊቀደድ ነው። እንደገና ከመጀመር ብለው የጠብታዋን ዳር ዳር አሳምረው ደሴት አደረጓት። እውነተኛ እንድትመስል ደግሞ ዙሪያዋን የአለት ምልክት በተኑባት።

በእኛ ደንብ አንድ ደሴት የሚሰረዘው ሁለት መርከቦች በቦታው አልፈው «ምንም የለም» ብለው ሲጽፉ ነው። አጎቴ ይህን ሲጠብቁ ኖሩ። በገዛ እጃቸው አለት የዘሩበትን ባሕር ግን ማን ደፍሮ ይለፍበት? መርከቡ ሁሉ ዞሮ ይሄዳል። ዝም ብለው ጡረታ ቢወጡ የሚያውቅባቸው የለም፤ ቢናገሩ ደግሞ የሠላሳ አንድ ዓመት ስማቸው ገደል ሊገባ ነው።

ሰኞ ጠዋት አጎቴ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገቡ። ለምስክርነት ይሁን ለድጋፍ እንጃ፣ እኔንም ይዘውኝ ገቡ። ሳይቀመጡ ሁሉንም ዘረገፉት። ሥራውን ከእሳቸው የተማረችው ኃላፊያችን ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አውርዳ ደብዳቤ አነበበችልን። አንድ ካፒቴን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደሴቲቱን በሩቁ አይቻታለሁ፣ በዛፍ የተሸፈነች ናት ብሎ ፈርሞ ልኳል።

«ጋሼ፣ እኚህን ካፒቴን ምን ላድርጋቸው?» አለች።

«እኔ ዛፍ አልሣልኩም» አሉ አጎቴ ተቆጥተው።

ሳቋ አመለጣት፤ እኔማ ባሰብኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መርከበኛው ሁሉ በእሳቸው ስንፍና ግማሽ ቀን ሲዞር እሳቸው በሌላው ስህተት ሲመጻደቁ መኖራቸውን ተናገሩ። ኃላፊያችን የስረዛ መዝገቡን ገልጣ ብዕር ሰጠቻቸው። ምክንያት በሚለው ሥር «የፈጠርኳት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉና ሙሉ ስማቸውን አሰፈሩ።

ከዚያ ለኅትመት የሚዘጋጀውን አዲሱን ካርታ ዘርግተው ደሴቲቱን ፋቋት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ብናኙን እፍ ሲሉት ፊታቸው በራ፤ በዚያ ሁሉ ዝና ያልኮራሁባቸውን ያህል ያን ጠዋት ኮራሁባቸው።

ካርታውን የምጨርሰው እኔ ስለሆንኩ፣ በተፋቀው ቦታ የባሕሩ ጥልቀት ስንት ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቅኳቸው። ግራና ቀኙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አይቶ አማካዩን መገመት ቀላል ነበር።

«ማንም አልለካውም» አሉኝ። «ባዶውን ተይው።»