የኪኑ የእንጉዳይ ቦታ

በዚህች ተራራማ ከተማ ሰው የጥድ እንጉዳይ የሚያገኝበትን ቦታ ለልጁም አይነግርም፤ አሮጊቷ ኪኑማ ባሏ እስኪሞት ድረስ ለሱም አልነገረችውም። ጣጣዋ ቃጭሉ ነው። ድብ እንዲሸሽ ሁሉም ጫካ ሲገባ ወገቡ ላይ ቃጭል ያስራል፤ ጎረቤቷ ቶኩጂ ደግሞ በድምፁ ይከተላታል። ስለዚህ ዘንድሮ ቃጭሏን በጨርቅ ወትፋ ወጣች።

እንጉዳዮቹ ጋ ስትደርስ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ደንግጣ ጨርቁን አውጥታ ብታንቃጭል፣ ብቅ ያለው ቶኩጂ ነው። የሱም ቃጭል ተወትፏል።

ኪኑ እንጉዳዮቹን በሽርጧ ከልላ ቁጭ አለች።

«ብቻዎን እንዳይፈሩ ብዬ ነው፣ እትዬ ኪኑ።»

«ተባረክ ልጄ። በል ወደ ወንዙ ቅደም፤ ድብ ወጣት ይፈራል።»

የሰባ ዓመቱ ወጣት መሬት መሬቱን እያየ ወረደ። ኪኑም ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ፣ ቃጭሏን እያንቃጨለች ተከተለችው።