ሐውልቱን የሚያናግሩት እናት

የቤሩት ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመቱ ነበር። ከማዳሜ ቤት ወጥቼ በተመላላሽ ስሠራ፣ ባውሽሪዬ በሚባለው የከተማው ሰፈር ለሞቱት የሰፈሩ ተዋጊዎች የቆመውን ሐውልት በየሳምንቱ አጥብ ነበር። አንዲት አሮጊት እየመጡ፣ የተቀረጹትን ስሞች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ በሹክሹክታ ያወራሉ። የእኔም ወንድም አገር ቤት ዘምቶ አልተመለሰም። አንድ ቀን የልጃቸውን ስም ለይቼ ላጥብላቸው ብዬ፣ በዓረብኛ አክስቴ እንደማለት፣

«ኻልቲ፣ የእርስዎ ልጅ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«እዚህ የለም፣ ልጄ። እሱን አፍነው የወሰዱት እነዚህ ናቸው።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«ሬሳውን የት እንደጣሉት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው» አሉኝና ቀጣዩን ስም ሊጠይቁ ጎንበስ አሉ።