ደጋ የወጣችው ግመል

አጎቴ ሳውዲ የሄደው በሰው ስም ነው። የሙስሊም ስም ይሻልሃል ተባለና የጎረቤታችንን የሟች ባል ስም ተዋሰ። ባልቴቲቱም በደስታ ሰጡት። «ሰውዬው በሕይወቱ ከውጫሌ አልፎ አያውቅም፤ ስሙ እንኳ አገር ይይ» አሉ።

እዚያ በረሃ ላይ ዓመታት የሰው ግመል ሲጠብቅ ቆይቶ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ነገር ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስና ብርድ መፍራት ብቻ ነበር። አምባሰል ተራራ ላይ ተወልዶ ብርድ መፍራት፣ ዓሣ ሆኖ ውኃ እንደ መፍራት ነው። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ፀሐይ ወደ ዞረችበት ሁሉ ሲዞር ይውላል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ከቆላ በሬ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። የመጣው ግን ግመል እየጎተተ ነው። ሐይቅ ገበያ ላይ ግመል ብርቅ አይደለም፤ ሽቅብ ወደ እኛ መንደር ስትወጣ ነው ሰው ሥራ ፈትቶ የቆመው። ዝናቡ እንደ ድሮው አይታመንም፣ ምንጩም በየበጋው ይደርቃል፣ ስለዚህ የሚያዋጣው ይህች ናት ብሎ አስረዳ። የንስሐ አባቱ ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ እንስሳ በክርስቲያን ደጅ አትታሰርም አሉት። ልጭናት እንጂ ልበላት አልገዛኋትም አላቸው። ሚስቱ ደግሞ አኩርፋ ያን ሰሞን የምታነጋግረው በውሻው በኩል ነበር። «ያንን ሰውዬ እራት ቀርቧል በለው» ትለዋለች ውሻውን።

እኔ ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መንደር እወጣለሁ። ግመል በረሃን እንዴት እንደምትችል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ሻኛዋ ስብ ነው፣ አፍንጫዋ ይዘጋል፣ እግሯ አሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። ጭቃ ላይ ምን እንደምትሆን መጽሐፉ አይናገርም። እሱን ሐምሌ ነገረን። አራቱ እግሮቿ ሳይመካከሩ ወደየፊናቸው ሄዱና በደረቷ ተነጠፈች። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አነሳት። በማግስቱ ማሳል ጀመረች፤ መብላትም ተወች።

አጎቴ ጨነቀውና ነብሩን ብርድ ልብስ አለበሳት። ሚስቱ ያን ጊዜ ነው ውሻውን ትታ በቀጥታ የተናገረችው።

«ስንት ክረምት ብቻዬን ስንቀጠቀጥ ኖሬ፣ ነብሩ ለእሷ?»

ብርድ ልብሱን ገፍፋ ወደ አልጋዋ ወሰደች። ግን ግመሊቱን ራቁቷን አልተወቻትም፤ ጆንያ ለጆንያ ሰፍታ፣ መሐሉን ጭድ ሞልታ አለበሰቻት። ከበረቱ እስከ መንገዱም አመድና ገለባ በተነችላት። የአጥሩን ግራር እየቆረጠች ስታቀርብላት እሾሁን እንደ ቆሎ ቆረጠመችው። በእኔ ግምት ግመሊቱን ያዳናት የአጎቴ ልምድ ሳይሆን የሚስቱ ቅናት ነው።

ጥቅምት ላይ ውርጭ ሲወርድ ጠጉሯ ይበቅል ጀመር። አንገቷ ሥር የሐይቅ እስጢፋኖስን መነኮሳት የሚያስንቅ ጢም አወጣች። ጭቃ ስታይ እርምጃዋን ማሳጠርና በዳር በዳር መሄድም ለመደች። ጥር ላይ ምንጩ ሲደርቅ ከታች ውኃ እየተሸከመች የመንደሩን ጀሪካን ሁሉ አመላለሰች። የንስሐ አባትም ጀሪካናቸውን ላኩ። ርብቃም ወደ ባሏ የመጣችው በግመል ነው አሉ፤ ይህ ጥቅስ ሰኔ ላይ የት እንደነበረ ማንም አልጠየቃቸውም።

በዚያው ወር አጎቴ ሐይቅ ገበያ ሽንኩርት ሲመርጥ፣ እሷ ጨው ጭኖ ከመጣ የቆላ ግመል ጋር ማንንም ሳታስፈቅድ ጉዳይዋን ጨረሰች። በተከታዩ ዓመት ሁዳዴ ላይ ወንድ ወለደች።

ወተቱ ለእኛ ክልክል ስለሆነ ለሙስሊሟ ጎረቤታችን ለባልቴቲቱ ይሰጥ ጀመር። ታዲያ አጎቴ በየቀኑ ሴትዮዋን ልጠይቅ ማለት አበዛ። ባልቴቲቱ በጣም አርጅተዋል፤ ሚስቱ ግን በግመል የቀናች ሴት ናት። ተከትላው ስትገባ ቅሉን አፉ ላይ ደግኖ፣ አረፋው ከንፈሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ ባልቴቲቱ። «አንቺ ያሰብሽው ቢሆንማ እኔም ደስ ባለኝ።»

ነገሩ ወደ ንስሐ አባት ሄደ። አዘውትሬ ስለማስታርቃቸው እኔም አብሬ ሄድኩ። አባ ግራ ገባቸው፤ ጾም መግደፉን ያስቀድሙ ወይስ ግመል መጠጣቱን። ሁለቱ ኃጢአቶች አንድ ቅል ውስጥ ሲገኙ ምን እንደሚደረግ አይተው አያውቁም። አጎቴ እንደ ወትሮው ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«በረሃ ላይ የውኃው መኪና ቀረ። አብሮኝ አንድ የአገሬ ልጅ ነበር፤ ወተቱን አልነካም፣ ክልክል ነው አለ። እኔ ጠጣሁ። እሱን በእጄ ቀበርኩት። ሆዴ ዛሬም እዚያው ነው፣ አባ፤ ስጨነቅ የሚያምነው የግመል ወተት ብቻ ነው።»

ሚስቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባ ስለ ጾሙም ስለ ግመሉም መጠየቃቸውን ተዉና ፍትሐት እንዲደረግለት የሞተውን ልጅ የክርስትና ስም ጠየቁ።

«አላውቀውም። እሱም እንደኔ በተዋሰው ስም ነበር የሚጠራው።»

አባ ተነሱና፣ ስሙን የሚያውቀው ያውቀዋል ብለው ጸሎቱን ጀመሩ። ለአጎቴ ስግደት አዘዙለት፤ ጉልበቱ ብርድ ስለመታው ግማሹን ሚስቱ ሰገደችለት።

ግልገሉ አድጎ ሲጎለምስ አጎቴ ሊሸጠው ወደ ባቲ ወረደ። ይህ ግመል ግን ተወልዶ ያደገው ውርጭና ጭቃ ላይ ነው፤ ጠጉሩ የበግ ለምድ ይመስላል። ገበያው ጋ ሳይደርስ ሙቀቱ ጣለው። ከቆመ የጭነት መኪና ሥር አንገቱን አስገብቶ አልነሳም አለ። የቆላ ገዢዎች ከበው ሳቁበት፤ አንዱማ መቼ ነው የሚሸለተው ብሎ ጠየቀ። አጎቴም ራሱ ሹራቡን አውልቆ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ከግመሉ ጎን ጥላው ሥር ተቀመጠ።

ሲመሽ ይዞት ተመለሰ። ዳገቱን ጨርሰው ቀዝቃዛው ነፋስ ሲነካቸው ማን ማንን እንደጎተተ አላውቅም አለን። ሚስቱ ሳቀችበትና ለሁለቱም ውኃ አቀረበች።